የንግድ ሰነዶችን ወደ ትልቅ የመረጃ ማከማቻ ስለ ማዛወር

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ አዶ ከተሞች የሚሠራ ነጋዴ ቀድሞ በመደርደሪያ ላይ ደርድሮ ያኖረው የነበረውን ሰነድ ዛሬ በኮምፒዩተር መያዝ ከጀመረ ቆይቷል። የከብትና የግመል ሽያጭ ውል፣ የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት፣ የሙጫና የዕጣን ግዢ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የባንክ ማስረጃ፣ እንዲሁም የመደብሩ የጥበቃ ካሜራ የቀዳው ምስል በልዩ ልዩ ፍላሽ፣ በስልክ ካርድና በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ተበታትኖ ይገኛል። ሥራው እየሰፋ በሄደ ጊዜም ነጋዴው ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ አስቦ፣ ብዙ ዲስኮችን በአንድነት አቀናጅቶ የያዘ ትልቅ የመረጃ ማከማቻ ይገዛል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በአዲሱ ማከማቻ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ እየታየ፣ ቅጂው በመካከል ይቆማል፤ ወይም ዐሥር ሺህ ፋይል ተልኮ የደረሰው ከዚያ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም የ4 ቴራባይት ዲስክ ተገዝቶ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው 2 ቴራባይት ብቻ ይሆናል። ገዢው ተታለልሁ ብሎ ሻጩን ይወቅሳል። ይሁን እንጂ በብዙው ጊዜ ጥፋቱ የሻጩም የመሣሪያውም ሳይሆን፣ በዲስኩ ላይ ያለው የፋይል ሥርዓት ካለው ወሰን የሚመጣ ነው።

ነገሩ ቀላል የሚባል አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ የሒሳብ ሰነዱን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መልክ የተያዘ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ በማዛወር ጊዜ የጠፋ አንድ ፋይል፣ ነጋዴው በእርግጥ ያወጣውን ወጪ የሚያስረዳበት ማስረጃ እንዳይኖረው ሊያደርግ ይችላል።

የፋይል ሥርዓት ምን እንደ ሆነ

ባዶ ዲስክ እንደ ባዶ መጋዘን ይቈጠራል። በመጋዘን ውስጥ ዕቃው የት እንደ ተቀመጠ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነና መቼ እንደ ገባ የሚያውቀው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ከመዝገቡ ጋር ነው። በዲስክ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው የፋይል ሥርዓት ይባላል። መዝገቡ ሲሰመር ለመጠን የተተወው ዓምድ አራት አኃዝ ብቻ የሚያስጽፍ ከሆነ፣ መጋዘኑ ምንም ያህል ቢሰፋ ዐሥር ሺህ ብሎ ለመጻፍ አይቻልም። የፋይል ሥርዓት ወሰን የሚባለውም ይኸው ነው፤ ዲስኩ ሲሞላ ሳይሆን መዝገቡ መጻፊያ ሲያጣ የሚመጣ ወሰን ነው።

በነጋዴው እጅ የሚገኙት የፋይል ሥርዓቶች በተለያየ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ፋት የተባለው መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ፋት 32 የተባለው ዓይነቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ኤንቲኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኤክስፋት እ.ኤ.አ. በ2006፣ በሊኑክስ በሚሠሩ ማከማቻዎች ላይ የሚገኘው ኤክስት 4 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሥራ ውለዋል። ከሁሉ አሮጌው የፋት ወገን እስከ ዛሬ በፍላሽና በስልክ ካርድ ላይ ይገኛል። እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙ የስልክ ካርዶች በፋት 32፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኤክስፋት ተዘጋጅተው ይሸጣሉ።

የአንድ ፋይል መጠን

ፋት 32 ለአንድ ፋይል መጠን የሚጽፍበት ዓምድ ከ4,294,967,295 ባይት፣ ማለትም ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። አንድ ነጋዴ የአምስት ዓመት ሰነዱን አምቆ በአንድ ፋይል ቢያደርግና ፋይሉ 6 ጊጋባይት ቢሆን፣ 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ባለው ፍላሽ ላይ እንኳ ሊገለብጠው አይችልም። ኮምፒዩተሩ ፋይሉ ለመድረሻው የፋይል ሥርዓት ከመጠን በላይ ትልቅ መሆኑን ይነግረዋል። ብዙ ሰው ግን ይህን ፍላሹ ሞልቷል ወይም ተበላሽቷል ብሎ ይተረጕመዋል።

እዚህ ላይ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው፣ አዲሱ ማከማቻ ከዚህ ወሰን ነጻ ቢሆንም ሰነዱን ተሸክሞ የሚወስደው ፍላሽ ነጻ አለመሆኑ ነው። በቦረና የቱላ ጕድጓዶች ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ውሃውን ያወጣሉ። ገንዳው የቱንም ያህል ቢሰፋ መቅጃው ከሚይዘው በላይ በአንድ ጊዜ ሊወጣ አይችልም። መረጃም ሲዛወር መነሻው፣ ተሸካሚውና መድረሻው እያንዳንዳቸው ወሰን ስላላቸው፣ የሚወስነው ከሦስቱ ጠባቡ ነው።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። ተሸካሚውን በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ማዘጋጀት ይበቃል፤ ሁለቱም ለአንድ ፋይል የሚሰጡት መጠን ከነጋዴ ፍላጎት እጅግ የላቀ ነው። ነገር ግን ዲስክን እንደ አዲስ ማዘጋጀት፣ በተለምዶ ፎርማት ማድረግ የሚባለው፣ በላዩ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ ስለ ሆነ አስቀድሞ በውስጡ ያለውን ማውጣት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ፋት 32ን ፋይሎቹን ሳያጠፋ ወደ ኤንቲኤፍኤስ የሚለውጥበት ትእዛዝ አለው፤ ቢሆንም ሌላ ቅጂ ሳይይዙ ይህን መሞከር አይገባም።

የዲስኩ ጠቅላላ መጠን

ሁለተኛው ወሰን የዲስኩን ጠቅላላ መጠን የሚመለከት ነው። ዲስክ ከመከፋፈሉ በፊት በመጀመሪያው ገጹ ላይ የክፍሎቹ ሰንጠረዥ ይጻፋል። ኤምቢአር የተባለው የቀድሞው ሰንጠረዥ በተለመደው የ512 ባይት አቈጣጠር ከ2 ቴራባይት ጥቂት ከፍ ካለ መጠን በላይ ሊያመለክት አይችልም። ስለዚህ የ4 ቴራባይት ዲስክ በዚህ ሰንጠረዥ ከተዘጋጀ ግማሹ ያህል ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል። ጂፒቲ የተባለው አዲሱ ሰንጠረዥ ግን ይህ ወሰን የለበትም። ምርጫው የሚደረገው ዲስኩ ባዶ ሳለ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ወሰን ያልሆነ ልዩነትም አለ። አምራቹ ቴራባይትን በሺህ እያባዛ ሲቈጥር፣ ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ይቈጥራል። በዚህ ምክንያት 4 ቴራባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ በኮምፒዩተር ላይ 3.63 ሆኖ ይታያል። ይህ የመለኪያ ልዩነት እንጂ የዕቃ ጉድለት አይደለም። በአንጻሩ በገበያ ላይ በላዩ የተጻፈውን መጠን በእርግጥ የማይዝ ሐሰተኛ ፍላሽ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ፍላሽ ሲገለበጥበት ሁሉን የተቀበለ መስሎ ይታያል፤ ፋይሉ ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ ፍላሽ እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ሳያነብቡ ሰነድ ማኖር አይገባም።

በኋላ ዲስክ እየጨመረ ማከማቻውን ሊያሰፋ ያሰበ ነጋዴ ደግሞ 16 ቴራባይት የሚለውን ቍጥር ማስታወስ ይኖርበታል። ኤንቲኤፍኤስ በተለመደው የ4 ኪሎባይት መደብ ከተዘጋጀ ከ16 ቴራባይት በላይ ሊሰፋ አይችልም፤ ኤክስት 4ም በቀድሞው የ32 ቢት አቈጣጠር ከተዘጋጀ ወሰኑ ይኸው ነው። ዛሬ 12 ቴራባይት የገዛ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 24 ለማድረስ ካሰበ፣ ይህን ለአዘጋጁ ባለሙያ ገና ከመጀመሪያው ሊነግረው ይገባል።

የፋይሎች ብዛት

ሦስተኛው ወሰን ብዛትን የሚመለከት ሲሆን፣ ትንንሽ ደረሰኞችን የሚያከማች ባለሱቅ ከሁሉ ይልቅ የሚያገኘው ይህ ነው። በፋት 32 አንድ ፎልደር የሚይዘው መዝገብ ከ65,536 መስመር አይበልጥም። አንድ ፋይል አንድ መስመር ብቻ የሚወስድ ይመስላል፤ ነገር ግን በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ስም ሁሉ እንደ ረጅም ስም ስለሚቈጠር፣ ለየ13 ፊደሉ አንድ ተጨማሪ መስመር ይወስዳል። የ30 ፊደል ስም ያለው ፋይል አራት መስመር ይይዛል ማለት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ፎልደር የሚሞላው ወደ 16 ሺህ በሚጠጉ ፋይሎች ነው። በቀን 40 ደረሰኝ የሚቀርጽና በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሱቅ በዓመት 12,000 ፋይል ስለሚያከማች፣ ሁሉን በአንድ ፎልደር ካኖረ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ሳይደርስ ይሞላበታል። በዓመትና በወር እየለየ ካስቀመጠ ግን ችግሩ አይደርስበትም።

በሌላ በኩል እያንዳንዱ ፋይል፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ መደብ ይይዛል። ኤክስፋት ከ32 ጊጋባይት በላይ በሆነ ዲስክ ላይ በተለመደው አዘገጃጀት የ128 ኪሎባይት መደብ ይሰጣል። 10 ኪሎባይት የሆነ የደረሰኝ ምስል የ128 ቦታ ይይዛል ማለት ነው። እንዲህ ያሉ 100,000 ፋይሎች በራሳቸው 1 ጊጋባይት ያህል ቢሆኑም በዲስኩ ላይ 13 ጊጋባይት ያህል ይወስዳሉ። ይህም አንዲትን ከረጢት ቡና ለብቻዋ በአንድ ክፍል እንደ ማኖር ያለ ነው። ኤንቲኤፍኤስና ኤክስት 4 በተለመደው አዘገጃጀት የ4 ኪሎባይት መደብ ስለሚጠቀሙ ለትንንሽ ሰነድ የተሻሉ ናቸው።

የስም ርዝመትና የአማርኛ ፊደል

አራተኛው ወሰን የፋይል ስምን የሚመለከት ነው። በውጭ አገር የሚዘጋጁ መመሪያዎች ይህን ለላቲን ፊደል እያሰቡ ስለሚጽፉት፣ በአማርኛ የሚጽፍ ነጋዴ ሳያስበው ይደርስበታል።

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የአጻጻፍ ስልት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ኤንቲኤፍኤስ ስምን የሚለካው በፊደል ቍጥር ስለ ሆነ እስከ 255 የአማርኛ ፊደል ይቀበላል። ኤክስት 4 ግን የሚለካው በባይት ስለ ሆነና ወሰኑ 255 ባይት ስለ ሆነ፣ የሚቀበለው 85 የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው። በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ በሚገባ የኖረ ረጅም ስም ያለው ፋይል በአዲሱ ማከማቻ ላይ የማይገባው ስለዚህ ነው። ከዚህም የጠበበ በር አለ። በአንዳንድ ማከማቻዎች ላይ ፎልደርን በምስጢር ለመቈለፍ የሚያገለግለው ኢክሪፕትኤፍኤስ የተባለው ስልት ለስም የሚተወው 143 ባይት ያህል ነው፤ ይህም 47 የአማርኛ ፊደል ማለት ነው።

ለምሳሌ «ከነገሌ ወደ ሞያሌ የተላኩ የቀንድ ከብቶች የጤና ምስክር ወረቀትና የጉምሩክ ሰነድ ቅጂ 2016» የሚል ስም ያለው ፋይል ይታሰብ። በስሙ ውስጥ 43 የአማርኛ ፊደል፣ 12 ባዶ ቦታና 4 አኃዝ ሲኖር፣ አራት ባይት ከሚወስደው ቅጥያው ጋር 149 ባይት ይሆናል። ይህ ስም በተራ ፎልደር ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ በተቈለፈው ፎልደር ውስጥ ግን አይገባም። ሰነዱ ምስጢር ስለ ሆነ ሊቈልፈው የፈለገ ነጋዴ ዋናውን ሰነድ ውጭ አስቀርቶ ሳያውቅ ሊሄድ ይችላል። «2016 ሞያሌ ከብት ጤና» ቢባል ግን በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት አለው።

ከዚህ ሌላ ዊንዶውስ ፋይሉን ከነፎልደሮቹ ስም በአንድነት ሲቈጥር በተለመደው አሠራር ከ260 ፊደል በላይ አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ይህን ወሰን ለማንሣት ቢቻልም ሁሉም ፕሮግራም አይከተለውም። ነጋዴው በሚያዛውርበት ጊዜ «የአሮጌው ኮምፒዩተር ሙሉ ቅጂ» የሚል አዲስ ፎልደር ከላይ ሲጨምር፣ ቀድሞ 250 የነበረው ርዝመት ከወሰኑ ያልፋል።

በስም ውስጥ የማይፈቀዱ ምልክቶችም አሉ። ቀንን በእዝባር (/) ለይቶ በስም ውስጥ መጻፍ አይቻልም። የላቲኑን ሁለት ነጥብ (:) ዊንዶውስ ሲከለክል፣ የአማርኛውን ሁለት ነጥብ (፡) ይፈቅዳል፤ በዓይን ሲታዩ አንድ ቢመስሉም ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ናቸው። እንደዚሁም «ሰነድ» እና «ሠነድ»፣ «ዓመት» እና «አመት» በንባብ አንድ ቢሆኑም ለፋይል ሥርዓቱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በዚህ ምክንያት አንድ ጸሐፊ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከጻፈ ሁለት ፎልደር ይፈጠርና ፈላጊው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያገኛል። በድርጅቱ ውስጥ አንድ የአጻጻፍ ደንብ ማውጣት ይህን ያስቀራል።

የዲስኮች ብዛት መጠባበቂያ አለመሆኑ

ትልቅ ማከማቻ የገዛ ሰው ሰነዱ ከእንግዲህ ከጥፋት እንደ ዳነ አድርጎ ያስባል። ሬይድ የተባለው የዲስኮች ቅንጅት አንድ ዲስክ ሲበላሽ ሥራው እንዳይቆም ይረዳል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሆኑ አራት ዲስኮች በሬይድ 5 ሲቀናጁ 12 ቴራባይት ቦታ ይሰጣሉ፤ አንዱ ቢሞትም ሰነዱ አይጠፋም። በሬይድ 0 ቢቀናጁ ቦታው 16 ቴራባይት ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ ሲሞት ሁሉም ይጠፋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠራተኛ በስሕተት የደመሰሰውን ወይም ሌባና እሳት የወሰደውን የትኛውም ሬይድ አይመልሰውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ከታላቅ ማከማቻው 77 ቴራባይት ያህል መረጃ የጠፋው ዲስክ ስለ ተሰበረ ሳይሆን፣ ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ስሕተት ስለ ነበረበት ነው።

ስለዚህ ከማከማቻው ሌላ ቢያንስ አንድ ቅጂ በሌላ ቦታ መኖር አለበት። የነገሌ ነጋዴ በሐዋሳ ወይም በአዲስ አበባ ወኪል ካለው፣ በየሩብ ዓመቱ አንድ ዲስክ ቢልክለት ወጪው አነስተኛ ነው።

የማዛወር ሥርዓት

1ኛ/ ከሁሉ አስቀድሞ ያለውን መቍጠር ነው። የፋይሎቹ ብዛት፣ ጠቅላላ መጠናቸው፣ ትልቁ ፋይልና ረጅሙ ስም በወረቀት ይመዝገቡ። ከብት የሚነዳ ሰው ሲያስነሣ ቈጥሮ ሲያደርስ እንደሚቈጥር ሁሉ፣ ያልተቈጠረ ሰነድ መድረሱ አይታወቅም።

2ኛ/ የመነሻው፣ የተሸካሚውና የመድረሻው የፋይል ሥርዓት ይጠየቅ። በዊንዶውስ የዲስኩን ባሕርይ በመክፈት ይታያል።

3ኛ/ ረጅም ስሞች ይጠሩ፤ ፎልደሮች በዓመትና በወር ይለዩ፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ካለ ተሸካሚው ፋት 32 አይሁን።

4ኛ/ ጊዜው ይገመት። በሴኮንድ 30 ሜጋባይት በሚያሳልፍ መስመር 2 ቴራባይት ለማዛወር ከ18 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ይህን ያህል ሰዓት ያለ ኃይል መጠባበቂያ መጀመር ለአደጋ መጋለጥ ነው። ኤንቲኤፍኤስና ኤክስት 4 ኃይል ሲቋረጥ መዝገባቸውን የሚያድኑበት ማስታወሻ ሲይዙ፣ ፋት 32ና ኤክስፋት እንዲህ ያለ ማስታወሻ የላቸውም። ቢሆንም በመገልበጥ ላይ ሳለ የተቋረጠ ፋይል በየትኛውም ሥርዓት ጎደሎ ነው።

5ኛ/ በእጅ እየጎተቱ ከመገልበጥ ይልቅ፣ ከተቋረጠበት የሚቀጥልና ያልደረሰውን ፋይል በስሙ የሚዘረዝር ፕሮግራም ይመረጥ። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሮቦኮፒና በሊኑክስ የሚሠራበት አርሲንክ ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው።

6ኛ/ ከደረሰ በኋላ እንደገና ይቈጠር፤ በመጀመሪያ ከተመዘገበውም ጋር ይመሳከር። ከየዓመቱ ጥቂት ፋይሎች ተከፍተው ይነበቡ። አንድ ፋይል ቢጎድል እንኳ የትኛው እንደ ሆነ ሳይታወቅ ወደሚቀጥለው ሥራ አይታለፍ።

7ኛ/ አሮጌው ዲስክ ቢያንስ አንድ የሒሳብ ዘመን እስኪዘጋ ድረስ ሳይደመሰስ ይቈይ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚህ ሥራ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው ከመሣሪያ ማነስ ሳይሆን ከመቸኰል የሚመጣ ነው። በእነዚህ ነጥቦች ላይ ግማሽ ቀን ያዋለ ነጋዴ፣ ገቢዎችም ሆነ ጉምሩክ የቀድሞ ሰነድ በጠየቁት ጊዜ ፋይሉን ከፍቶ ያሳያል። ያላዋለው ግን ሰነዱ የቀረው በዚያ በሸጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ነበረ የሚያውቀው በዚያን ዕለት ይሆናል።